ለቦልዲዣር ቤዛ የሄደው ዋንጫ

ድሩዢያና በሙሽርነት ሃርሻሽ መንደር በገባች ዕለት አማቷ መጀመሪያ ያስያዟት የቤቱን ቁልፍ አልነበረም፤ የብር ዋንጫውን ነበር።

«በሁለት እጅሽ ያዢው» አሏት እሜቴ ፔትሮኔላ። «በአንድ እጅ ሲያዝ ልጄ አይወድም።»

ዋንጫው ያማረ ነበር፤ ይህን ማንም አይክድም። ወገቡ ጠበብ፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ በእግሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ረጅም ዋንጫ ነው። አፉና እግሩ በወርቅ ተለብጧል። ሆዱን የኮሎዥቫር ከተማ አንጥረኛ በሹል ብረት ነቅሶ ነቅሶ እንደ ዓሣ ቆዳ አሻክሮታል፤ ከሻካራው መሀል የሮማን ፍሬና የቱሊፕ አበባ እየተጠማዘዙ ይወጣሉ። የመንደሩ ሰዎች በአውራ ጣታቸው እየዳበሱት፣ «የሰከረ እጅ እንዳያዳልጠው ነው እንዲህ የተሠራው» እያሉ ይስቁ ነበር። ያሠሩት የባሏ አባት ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ ዋንጫው ከእርሻው፣ ከሰይፉና ከጥማቱ ጋር ለልጃቸው ለቦልዲዣር ተላለፈ።

ቦልዲዣር በአገሩ አነጋገር «የአንድ ጭስ ጨዋ» ነበር። የጨዋ ደም አለው፣ ገባር ግን የለውም፤ ሰይፉን አጥር ላይ ሰቅሎ ራሱ ያርሳል። ግዙፍ ነው፤ ሳቁ ከወንዙ ማዶ ይሰማል። እንግዳ ሲመጣ ዋንጫውን እስከ አፉ ያስሞላና «በል አበልጅ፣ ባንድ ትንፋሽ! ዋንጫዬን እንዳታሳፍራት!» ይላል። ያልጨረሰ ሰው የተረፈው በራሱ ላይ ይፈስበታል። ሰው ሁሉ ይስቃል፤ የፈሰሰበትም ወይኑ ከጢሙ እየተንጠባጠበ አብሮ ይስቃል። ምን ያድርግ?

እንግዳ በሌለ ጊዜ ግን ድሩዢያና ነበረች። እራት ሲያበቃ ዋንጫውን ሞልታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከገበታው አጠገብ ትቆማለች። ሲፈልግ ይቀበላታል። ሳይፈልግ ከውሻው ጋር ይጫወታል፣ ስለ በሬ ዋጋ ያወራል፣ እሷም ቆማ ትጠብቃለች። እጇ እየዛለ ሲንቀጠቀጥ ወይኑም በዋንጫው አፍ ላይ ሲዋልል በዓይኑ ጥግ ያያታል። አንዲት ጠብታ ከወደቀች ወየውላት። እሜቴ ፔትሮኔላ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ከመቀመጫቸው ይነሡና «እሳቱን ልየው» ብለው ወደ ማድቤት ይገባሉ። እሳቱ ግን ደህና ነበር።

አንድ ቀን ጠብታዋ ወደቀች። ቦልዲዣር ዋንጫውን ከእጇ ነጥቆ በዚያው ቅንድቧን መታት። በማግሥቱ ሲነቃ ክፉኛ አዘነ፤ የዋንጫው አፍ ተቆልምሞ ነበርና። ያንኑ ቀን በፈረስ ኮሎዥቫር ወስዶ አስጠገነው። ድሩዢያና ቅንድቧን በእርጥብ ጨርቅ አስራ ላም ስታልብ ዋለች።

ከዚያ የአገሩ ልዑል የፖላንድን ዘውድ ተመኘና ጦሩን ጠራ። ቦልዲዣር ከሁሉ በፊት ፈረሱን አስጫነ። ኮርቻ ላይ እንዳለ ዋንጫውን አስመጥቶ ጠጣ፣ ጢሙን ጠረገ፣ ባዶውን ለሚስቱ መለሰላት።

«እስክመለስ የማንም ከንፈር እንዳይነካው» አላት። «ሰምተሻል? የሌላ ሰው ትንፋሽ ካረፈበት ከሽታው አውቀዋለሁ። መጥቼ ቀድሜ የምጠይቅሽ እሱን ነው።»

«ደህና ግባ ጌታዬ» አለች።

በዓመቱ የመጣው ወሬ እንዲህ ያለ ነበር፦ ልዑሉ በጥቂት ፈረሰኛ አምልጦ ገባ፤ ጦሩ ግን በታታሮች ተከበበና እንዳለ፣ ከነሹሙ ከነአሽከሩ፣ በገመድ ተጠፍሮ ወደ ታታሮቹ አገር ወደ ክሪም ተነዳ። በሃርሻሽ ለቅሶ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሴቶቹ ጥቁር ለበሱ፤ ድሩዢያናም ለበሰች። ሲያለቅሱ አለቀሰች፤ እንባዋም እንባ ነበር። ገላዋ ግን የራሱን ነገር ያውቃል። መተኛት ጀመረች። ስትበላ የምትበላው ነገር ጣዕም ነበረው። ፊቷ ሞላ፣ እጇ መንቀጥቀጥ ተወ። ዋንጫውን በተልባ ጨርቅ ጠቅልላ ከሣጥኑ ግርጌ፣ ከሠርግ አንሶላዋ በታች ከተተችው። ያም ሆኖ አንዳንዴ ያንን ክፍል አቋርጣ ስታልፍ ሣጥኑን ላለማየት ፊቷን ታዞር ነበር።

ምርኮኞቹ ሲነዱ ከመንገድ ያመለጠ ሎሪንጽ የሚባል የመንደሩ ሰው እግሩ ቆስሎ ገባ። በእሜቴ ፔትሮኔላ ፊት ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እሜቴ፣ ቦልዲዣርን አይጠብቁት» አለ። «ወንዝ ስንሻገር ወደቀ። ፈረሶቹ በላዩ አለፉ። በዓይኔ ነው ያየሁት።»

በዚያ አገር መበለት የባሏን ዋንጫ ለቤተ ክርስቲያን መስጠቷ ወግ ነው። የካልቪንን ትምህርት የተከተሉት የአገሩ ሰዎች ሥዕልና ሐውልት ባይወዱም መልካም ጽዋ አይጠሉም፤ ትናንት ሲሰከርበት የነበረው ዛሬ የጌታ ራት ይጠጣበታል። ድሩዢያና አማቷን አስፈቀደች። እሜቴ ፔትሮኔላ ዓይናቸው መፍዘዝ ጀምሮ ነበር፤ ዋንጫውን በጣታቸው ዳብሰው «ስሙ ይጻፍበት» ብቻ አሉ። ስሙ ተጻፈበት።

በአዲሱ ስንዴ በዓል ቄስ ኦርባን ያንን ጽዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሡ። ወንዶቹ ተራ በተራ ጠጡ፤ ከዚያ ሴቶቹ። ድሩዢያና በሰልፉ መሀል ሆና ከከንፈር ወደ ከንፈር ሲያልፍ አየችው። ቄሱ በየሰዉ መሀል በነጭ ጨርቅ ይጠርጉታል፤ እሷ ግን እያንዳንዱን ትንፋሽ ብሩ ላይ እንደ ጉም ቀርቶ የምታየው መሰላት። ከኋላዋ አሮጊቷ ዶርካ ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

«አንቺ፣ የሙት ዋንጫ ይቀዘቅዛል ሲባል ሰምቻለሁ» ብላ አንሾካሾከች። «ይኼ ግን ሙቅ ነው።»

«ስንቱ ጨብጦት፣ ለምን አይሞቅ?» አለች ድሩዢያና።

«እንጃ ልጄ። እንጃ።»

ተራዋ ደረሰና ጠጣች። ሙቅ ነበር።

የዚያን ዓመት ቅጠል ሲረግፍ ድሩዢያና ከቤቷ ጓሮ በሚያልፈው ወንዝ ልብስ ስታጥብ አንድ ነጋዴ በቅሎውን እየሳበ በመሻገሪያው መጣ። ከሞልዳቪያ ወዲህና ወዲያ የሚመላለስ ቶዶር የሚባል አርመናዊ ነው፤ ሰም፣ ቆዳ፣ አንዳንዴም ምርኮኛ ያመላልሳል።

«እንደምን ዋልሽ እህቴ። የቦልዲዣር ቤት የቱ ነው?»

የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ሊሄድ ሲል ያዘችው። «ምን ፈለግህ?»

«እመቤቲቱን። አንቺ ማን ነሽ?»

ድሩዢያና ጥቁር ቀሚሷ ታጥፎ፣ ክንዷ እስከ ክርኗ እርጥብ ነበር። «የቤቱ ሠራተኛ ነኝ» አለች።

«እንግዲያ ንገሪያት። ጌታሽ በሕይወት አለ። እኔ አላየሁትም፤ የገዛው ሰው አሽከር ነው ያጫወተኝ። ክሪም ውስጥ በሰንሰለት ታስሯል። የሚያወራው ስለ አንድ የብር ዋንጫ ነው አሉ፤ ሌሊትም ቀንም ዋንጫ፣ ዋንጫ! ታታሩም ሰለቸውና ‹ያ ዋንጫ ይምጣልኝና ይሂድ› አለ።» ቶዶር ሳቀ። «ርካሽ ነው እኮ! ሌላውን ሰው ቤትህን ከነመሬትህ ሽጥ ነው የሚሉት። እስከ ሳምንት ከተማ ነኝ፤ እስከዚያ ካደረሰችኝ አሁኑኑ ይዤው እሻገራለሁ፤ ካልሆነም በጸደይ፣ በፋሲካ ሰሞን እመለሳለሁ። ትነግሪያታለሽ?»

«እነግራታለሁ።»

በቅሎዋ እስክትሰወር በዓይኗ ተከተለቻቸው። ከዚያ ሸሚዙን መልሳ ታጥበው ጀመር። ንጹሕ ነበር፤ እሷ ግን ጣቷ እስኪላጥ አጠበችው።

አልተናገረችም። ዛሬ ማታ እነግራቸዋለሁ አለች፤ ማታ ሆነ። እሑድ ለቄሱ እነግራለሁ አለች፤ እሑድ አለፈ። በረዶው መጣና መንገዱን ዘጋ፤ መንገዱ መዘጋቱን ስታይ ደረቷ ቀለል አላት፤ መቅለሉንም ስታይ ፈራች። እንቅልፏ ተመልሶ ጠፋ። እሜቴ ፔትሮኔላ ከምድጃው ጥግ ሱፍ እየፈተሉ አንዳንዴ ቀና ይሉና በፈዘዘ ዓይናቸው ወደ እሷ ይዞራሉ፤ ከዚያ ወደ እንዝርታቸው ይመለሳሉ። ከወንዙ በኩል በረዶው ሲሰነጠቅ ሁለቱም አንድ ላይ ይደነግጣሉ። ጥቅል ጎመኑን በጮማ ቀቅላ ስታቀርብ ሽታው የቦልዲዣርን ገበታ ያስታውሳትና የራሷን ድርሻ ለውሻው ትጥልለታለች። ውሻውም ሽማግሌ ሆኗል፤ ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ጌታው የመጣ እየመሰለው ጭራውን ይቆላል።

በፋሲካ ዕለት ሴቶቹ ወደ ማዕዱ ተሰለፉ። የድሩዢያና ተራ ደረሰ። ቄስ ኦርባን ጽዋውን አቀረቡላት። ወይኑ ላይ የራሷን ፊት አየችው። ከንፈሯን አስጠጋች፣ ግን አልተከፈተላትም። ወደ ኋላ ሄደች። የኋላዋን ሴት ረገጠቻት። በሕዝቡ ሁሉ ፊት ከሰልፉ ወጥታ በሩ አጠገብ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች።

ጸሎቱ ሲያበቃ ቄሱ መጥተው ከአጠገቧ ተቀመጡ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«በሕይወት አለ አባቴ» አለች። «ካወቅሁ ክረምት አለፈ።»

የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። የንብረቱ ሹም ሜኒሃርት የሚባል፣ አንገተ ደንዳና፣ ቆጣ የሚል ሰው ነበር። «ለእግዚአብሔር የተሰጠ አይመለስም!» ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ። «ዛሬ ጽዋ፣ ነገ ደወሉን ስጡን ይሉናል!»

«ተው እንጂ ሜኒሃርት» አሉ ቄስ ኦርባን። «እግዚአብሔር ከእንጨት ዋንጫም መጠጣት አያቅተውም። ሰንሰለት ላይ ያለው እሱ አይደለም።»

እሜቴ ፔትሮኔላ በዱላቸው ተደግፈው ከጥግ ቆመዋል። ሰው ሁሉ በምራታቸው ላይ እንዲጮኹ ጠበቀ። «ልጄን አምጡልኝ» አሉ ብቻ፤ ድምፃቸው ደረቅ ነበር። ቶዶር በቀጠሮው ሲመጣ ዋንጫው በሱፍ ተጠቅልሎ ተሰጠው። በዚህ ጊዜ ሠራተኛዋ ማን እንደሆነች አወቀ፤ የቅንድቧንም ጠባሳ አየ፤ ጥቅሉን በቅሎው ላይ ጭኖ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለው በጋ ለድሩዢያና እንደ ረጅም መሰላል ነበር፤ ትወጣዋለች፣ ላዩ ላይ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። ወንድሟ ቤኔዴክ ወዳለበት መንደር ሄደች።

«ጋሼ፣ እዚህ ልቆይ። ከብትህን እጠብቃለሁ፣ ጎመንህን እኮተኩታለሁ።»

«ባልሽ ከሲኦል ሲወጣ አንቺ ጎመን ልትኮተኩቺ?» ብሎ ሳቀባት። «ባልን መፍራት አንቺ አልጀመርሽውም። ምናልባት እኮ ታታር አለስልሶ ይሆናል የሚልክልሽ! ሂጂ፣ ሂጂ ቤትሽ ግቢ።»

ተመለሰች። የመንገዱን ድምፅ ሁሉ ለየች፤ የወፍጮ ቤቱ ጋሪ እንዴት እንደሚያቃስት፣ የሜኒሃርት ፈረስ እንዴት እንደሚረግጥ አወቀች። የማታውቀው ጋሪ በጮኸ ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጣለች። ምን እንደምትለው ስታስብ ትውላለች። ዋንጫዬስ? ይላታል። ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። ማን ማን ጠጣበት? መንደሩ ሁሉ። ከዚያ በላይ ሐሳቧ አይሄድም። መጥረቢያውን ከበሩ ኋላ አንሥታ ጋጣ ውስጥ ከገለባው ሥር ደበቀችው፤ እሱ እንዳያገኘው ይሁን ወይስ እሷ ስትፈልገው እንድታገኘው፣ ራሷም አልጠየቀችም። እሜቴ ፔትሮኔላ አልጋውን አስነጠፉ፣ አሳማ አሳረዱ። ነገር ግን እንደ ደስተኛ እናት አላዜሙም። አንድ ቀን ሽንኩርት እየላጡ፣ «ወይን ጠጁ በቂ ነው?» ብለው ጠየቋት፤ «በቂ ነው» ስትላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

ወይን በሚለቀምበት ወቅት፣ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ መንደሩ ሁሉ ኮረብታው ላይ እያለ፣ የማታውቀው ጋሪ ጮኸ። ድሩዢያና ግቢው መሀል ቆመች። የቶዶር ጋሪ ነበር። ከኋላው፣ በቆዳ ክምር ላይ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ የደፋ ሰው ተቀምጧል።

«ጌታሽን አመጣሁልሽ!» አለ ቶዶር። «እኔ ከመምሸቱ በፊት ከተማ መድረስ አለብኝ። ውረድ ጌታዬ፣ ቤትህ ነው።»

ሰውዬው ወረደ። እግሮቹ የሰንሰለት ነገር ለምደው ኖሮ በአጭር በአጭሩ ነው የሚራመደው። ጋሪው ሄደ። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ቀጭን፣ ጢሙ ሳሳ ያለ፣ ዓይኑ ግራጫ የሆነ ሰው ነው። ምርኮ ሰውን ይለውጣል ይባላል፤ የዓይንን ቀለም ግን አይለውጥም።

ድሩዢያና አፏን ከመክፈቷ በፊት እሜቴ ፔትሮኔላ ግድግዳውን እየተደገፉ ወጡ። «ልጄ?» አሉ። እጃቸውን ዘረጉ። ሰውዬው አልሸሸም፤ ቀረበና እጁን ሰጣቸው። ክንዱን፣ ትከሻውን፣ ጉንጩን ዳበሱ። ጣታቸው ጉንጩ ላይ ቆመ። ረጅም ጊዜ ቆመ።

«ድሩዢያና» አሉ በመጨረሻ። «ርቦታል። አስገቢው።»

ዳቦና ጮማ አቀረበችለት። እጁ ላይ ያለው የብረት ጠባሳ እንደ አምባር ዙሪያውን ይዞራል። ጥቂት በልቶ ቢላዋውን አስቀመጠ።

«አምብሩሽ እባላለሁ» አለ፤ አነጋገሩ የምሥራቁ ተራራ ሰው መሆኑን ያሳብቃል። «የቺክ አገር ሰው ነኝ። እግረኛ ወታደር ነበርሁ። እኔን ለመግዛት አቅም ያለው ዘመድ የለኝም። ከጌታ ቦልዲዣር ጋር ባንድ ሰንሰለት ታስረን ነበር። ስሙን ሲጠሩ እሱ ሞቷል፤ ‹አለሁ› አልሁ። ዋንጫውን አሳዩኝና ‹የማን ነው? ምን ተቀርጾበታል?› አሉኝ። ሮማኑን ነገርኋቸው፣ ቱሊፑን ነገርኋቸው፣ አፉ የቱ ጋ ተጣምሞ እንደተጠገነ ነገርኋቸው። ሌት ተቀን የነገረኝ እኮ ነው። እንግዲህ እዚህ ነኝ። ከፈለጋችሁ አሳስሩኝ፤ ካልሆነም ዋንጫውን የሚያህል እስክሠራላችሁ አሽከር እሆናችኋለሁ።»

«እንዴት ሞተ?» አሉ እናትየዋ።

«ሳል ነው የገደለው እሜቴ። መጀመሪያ ይስቅ ነበር፤ ታታሮቹን ይሰድባቸው ነበር። በኋላ ደከመ። በመጨረሻዎቹ ቀኖች ውሃ ሲጠማው ገሉን ይዤ እንድቆምለት ይለምነኝ ነበር። በሁለት እጅህ ያዘው ይለኛል። እቆማለሁ። አይጠጣም፤ ዝም ብሎ ያየኛል። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።»

ድሩዢያና እጆቿን ከመጎናጸፊያዋ ሥር አስገባች።

«መቼ?» አለች። «መቼ ነው የሞተው?»

«በረዶው ሳይቀልጥ። ጾም ከመያዙ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

ድሩዢያና ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። ቅጠል ሲረግፍ ነበር አርመናዊው የመጣው። ያን ጊዜ ዋንጫው ቢላክ ኖሮ ቦልዲዣር ይህን ዳቦ ይበላ ነበር። ወደ አማቷ ቀና ለማለት አልደፈረችም። እሜቴ ፔትሮኔላ ግን እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ እየሳቡ መጥተው የሷን እጅ አገኙት።

«አርመናዊው በወንዙ ዳር ሲያነጋግርሽ» አሉ፣ «እኔ ከአጥሩ ወዲህ ጎመን እየነቀልሁ ነበር። ዓይኔ ነው እንጂ የፈዘዘው ጆሮዬ ደህና ነው።»

«እናቴ...»

«ትነግረኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ስትዘገዪ እንዳልተቆጣሁሽ አየሁ። ክረምቱን ሙሉ ራሴን፣ ‹ፔትሮኔላ፣ የወለድሽው ነው› እለው ነበር። አፌ አልከፈት አለ።» ፊታቸውን ወደ እንግዳው አዞሩ። «ቅድም ጉንጭህን ስነካ ልጄ አለመሆንህን አወቅሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ጊዜ ነው ትንፋሼ የተመለሰልኝ።»

ከዚያ አለቀሱ። ጮኸው፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ ልጅ እንደሞተባት እናት አለቀሱ፤ ሞቶባቸዋልና። ድሩዢያና አቅፋቸው ተቀመጠች። አምብሩሽ ምን እንደሚያደርግ ስላልገባው ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ።

ከኮረብታው የለቃሚዎቹ ዘፈን መቅረብ ጀመረ። እሜቴ ፔትሮኔላ ፊታቸውን ጠረጉ። «ሜኒሃርት ካገኘው ያሰቅለዋል» አሉ። «ለጌታ ማዕድ የተሰጠውን ጽዋ በውሸት ስም በላ ብሎ። የልጄን ካፖርትና ቦቲ ስጪው። በወፍጮው በኩል ይውጣ።»

ቦቲው ሰፋው፤ ጨርቅ ጠቀጠቀበት። በሩ ላይ ቆም ብሎ «ምን ልበላችሁ?» አለ።

«ምንም አትበል፣ ሂድ!» አለችው ድሩዢያና። «ሂድ እንጂ!»

እውነቱን ራሳቸው ተናገሩ፤ ከመሸሸግ ደክመው ነበር። ሜኒሃርት እንደተፈራው ሆነ። «በጌታ ጽዋ ሌባ ገዛችሁ! ገዝታችሁም ለቀቃችሁ!» እያለ ግቢያቸውን በጩኸት ሞላው፤ ሁለት ፈረሰኛም በመንገዱ ላከ። ያን ቀን ድሩዢያና ምጣድ ላይ እንዳለ ቅጠል ነበረች። ፈረሰኞቹ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆማ እጃቸውን፣ ኮርቻቸውን፣ እግራቸውን አየች፤ የቦልዲዣር ቦቲ አልነበረም። ጭጋግ ወርዶ ዱካው ጠፍቶባቸው ነው።

ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሴቶች በሕዝብ ፊት ንስሐ እንዲገቡ ፈረዱ። እሑድ እሑድ ከበሩ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ቆሙ። ለአሮጊቷ መቀመጫ ቢቀርብላቸው፣ «ልየው ብዬ የተነሣሁለት እሳት ብዙ ነው፤ ልቁም» ብለው እምቢ አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባት ድሩዢያና ብቻ ናት። አሮጊቷ ዶርካ ስታልፍ፣ «እኔ መች ሙት ነው አልሁ?» ብላ አጉረመረመች። ቄስ ኦርባን ወይኑን በእንጨት ዋንጫ አቀረቡና፣ «ጌታ ራሱ በብር ተሽጧል» አሉ። «ዛሬ በብር ሰው ቢገዛ ምን ይገርማል?» አንዳንዱ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሜኒሃርት ግን ሳይጠጣ ወጣ፤ ሌሎችም ተከትለውት ወጡ፤ ከእነዚያ ቤቶች ለሁለቱ ሴቶች እሳት እንኳ የሚያበድር አልተገኘም።

ክረምቱ እንደገና ገባ። ድሩዢያና የምትፈራው ሰው መሞቱን ታውቃለች፤ ገላዋ ግን ገና አልሰማም። ጋሪ ሲያልፍ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ያዛት፤ ገል ይዞ የሚቆም፣ የማይጠጣ፣ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው በሐሳቧ ይመጣል፤ ማን እንደያዘ፣ ማን እንደሚያይ ይምታታባታል። ለእሜቴ ፔትሮኔላ አልነገረቻቸውም። እሳቸውም የሚያዩትን አልነገሯትም። አብረው ይፈትላሉ፤ አንዷ ስትንቀጠቀጥ ሌላዋ እንጨት ትጨምራለች።

በጸደይ ቶዶር በበቅሎው መጣ። መቆጣት ነበረበት፤ ስሙ በአታላይነት ሊነሣበት ምንም አልቀረም ነበር። ሆኖም ከግቢው በር ላይ ቆሞ ጢሙን እያሻሸ፣ «ቺክ አገር ሰም ልገዛ ገብቼ ነበር» አለ። «ያን ሰውዬ አየሁት።»

ድሩዢያና ባልዲውን አስቀመጠች። «ደርሷል?»

«እኔ ባደርሁበት መንደር እኮ ነው ቤቱ። ጎረቤቶቹ አጫወቱኝ። ባልየው በላይኛው መንገድ ሲመጣ ሚስትየዋ ሊጥ ታቦካ ነበር አሉ። ያ የሰንሰለት አረማመዱ አለ አይደል? እሱን ከቶ አታውቀውም። ግን ሲያስል ሰማች። ሲያስል! ሊጡ እስከ ክርኗ እንደተለጠፈ ሮጠች። አንድ ጫማዋ አጥሩ ሥር ቀረ። ሰውዬው መንገዱ ላይ ተቀመጠ፤ መቆም አቃተው። እሷም በዚያ ሊጥ ፊቱን፣ ጢሙን፣ ያን ሰፊ ካፖርት ሁሉ ለቀለቀችው። መንደሩ እስካሁን ይስቅበታል፤ ሊጋገር የተዘጋጀ ባል ይሉታል።»

ቶዶር እየሳቀ ሲያበቃ ድሩዢያና መሬቱ ላይ ቁጭ ብላ አገኛት። በቦልዲዣር ለቅሶ ጊዜ ከወግ ያለፈ ድምፅ ያልወጣት ሴት አሁን እንደ ሕፃን ትንሰቀሰቃለች። እሜቴ ፔትሮኔላ ከደጃፉ ጆሯቸውን አዘንብለው ይሰማሉ።

«ምን አጠፋሁ?» አለ ነጋዴው ግራ ገብቶት።

«ምንም» አለች፤ ፊቷን በመጎናጸፊያዋ ጫፍ ጠረገች። «ግባና ተቀመጥ። እናቴም ቀርበው ይስሙት። ከመንገዱ ጀምረህ እንደገና ንገረን።»